ስሙ ይውጣ

አክስቴ አሚኔ የአያቴን ስም ከወረቀት ላይ በመቀስ እየቆረጠች ስታወጣ ያየኋት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነበር፤ የበርበሬ ለቀማ ወር። ቡታጅራ ያደገ ሰው ያንን ወር በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ከድሮ የሚባለው አባቴ በርበሬ ነጋዴ ስለነበረ ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ ይውላል፤ እንግዳ ሰው "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ሳይጨርስ ያነጥሳል። እናቴ "አክስትሽን ለቁርስ ጥሪያት" ብላኝ በተሰጣው በርበሬ መሀል በቀረችው ቀጭን መንገድ እየተረማመድኩ ወደ ጓሮ ክፍሏ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

አክስቴ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ለሶላት ከታጠበችው ውዱእ ገና አልደረቀም። ከፊቷ የአያቴ የሼህ ዑመይር መንዙማዎች የተጻፉባቸው ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ በእጇ የልብስ ሰፊ ትልቅ መቀስ ይዛለች። አንዱን ወረቀት አነሳች። ወደ መጨረሻው መስመር ወረደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቷ ፈለገች፣ ከዚያ "ዑመይር" የምትለዋን ቃል ዙሪያዋን ቆርጣ አወጣቻትና ሳህን ውስጥ አስቀመጠቻት። ሳህኑ ውስጥ ብዙ ዑመይር ነበር።

በሩን ይዤ ቆምኩ።

መንዙማ የሚገጥም ሰው በመጨረሻው ቤት ላይ የራሱን ስም ያስገባል። እንደ ፊርማ ነው። የአያቴም ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያልቁት፦

ዑመይር ደካማው ከደጅህ ላይ ወድቋል፣
ማንሳት ካንተ በቀር ሌላው መቼ ያውቃል።

አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። እኔ ሳውቃቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ከመስቃን ገጠርም ከከተማም ሰው እኛ ቤት ይሰበሰባል፤ ወንዶቹ በትልቁ ክፍል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ። ጋሽ ሀቢቡ ከበሮውን ይመታል፣ አባባ ያዜማሉ፣ ሰዉ ይቀበላል። ሴቶቹ እንደ ልጅ የሚያለቅሱባት አንዲት ነበረች፦

እንደ እንሰት ፍቀህ ጨምቀህ ቅበረኝ፣
ከጉድጓድ አውጥተህ ለድግስህ ጋግረኝ።

አባባ የሞቱት ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ወረቀቶቹ የቀሩት ያስታመመቻቸው አክስቴ ዘንድ ነው። ባሏ ወጣት ሳለች ስለሞተባት እስከ መጨረሻው ከአባቷ ጋር የኖረች እሷ ነበረች። ያን ሰሞን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ሸረፋ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነው፤ ጣቶቹ ቢታጠቡም ከቀለም አይለቁም። "የአባባን መንዙማ መጽሐፍ አድርጌ አሳትመዋለሁ" ሲል አባቴ ከደስታው የተነሳ መናገር አቅቶት ነበር። አጎቴ ወረቀቶቹን እያገላበጠ "ይሄ ሁሉ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት" ብሎ ለእናቴ ሲያሳያትም ሰምቼዋለሁ።

መቀሱን ባየሁበት ዋዜማ የበርበሬ ጆንያ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን እጫወት ነበር። መጋዘኑና የአክስቴ ክፍል የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አክስቴና አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በጉራግኛ።

"ስሙ ይውጣ ነው የምልሽ፣ እትዬ" አለ አጎቴ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ አይወጣም።"

"እንዲህ እንዳለ ካተምኩትማ ሰው ማታለል ነው።"

"እንግዲያስ አትተማ! እንድታትም የለመነህ አለ?"

"ሰዉ ማወቅ አለበት እኮ።"

"አውቆስ ምን ያደርግለታል?"

ከዚያ አክስቴ በጉራግኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። አባቴና እናቴ ከእኛ ጋር በአማርኛ ስለሚያወሩ የሚገባኝ ጥቂት ነበር፤ ከሁሉም ውስጥ "አባባ" እና "ውርደት" የሚሉትን ብቻ ለየሁ። አጎቴ ሲወጣ በጆንያዎቹ መሀል በመጋዘኑ በር አየሁት፤ በቀለም የጠቆሩ ጣቶቹን እያሻሸ ነበር።

ነገሩ ለእኔ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበር። አጎቴ ሸረፋ የአባባ ስም ከመንዙማቸው እንዲወጣ ይፈልጋል። ለምን? እሱ ስለጻፋቸው በራሱ ስም ሊያሳትማቸው ነዋ! አክስቴ እምቢ አለች። በማግስቱ ግን መቀስ ይዛ ሳያት፣ አስፈራርቶ እንዳሸነፋት ገባኝ።

አሁን ወልቂጤ አማርኛ አስተምራለሁ። "መውጣት" የሚለውን ግስ ፍቺዎች ተማሪዎቼን በጠየቅኩ ቁጥር ያ የጆንያ መጋዘን ትዝ ይለኛል። ፊርማ ከወረቀት ይወጣል፤ ፀሐይም ትወጣለች። ያን ቀን እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

"ነይ ግቢ እንጂ፣ ባሂራዬ" አለችኝ አክስቴ በር ላይ ስታየኝ። "መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።"

"አባባን ለምንድን ነው የምትቆርጪያቸው?"

"አባባን አይደለም። ወረቀት ነው የምቆርጠው።"

"አጎቴ ሸረፋ አስገድዶሽ ነው አይደል?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሸረፋ? ሸረፋ ቢሆንለት ይሄን መቀስ ይደብቅብኝ ነበር።"

ልትሸፍንለት ነው ብዬ አሰብኩ። አክስቴ ሰው አታሳጣም።

ስሞቹን ጨርሳ ወደ ግጥሞቹ ገባች። መስመሩን ከመስመር፣ ቃሉን ከቃል ለየችው። የአላህን ስም የያዘውን ግን መቀስ አታስነካም፤ ወረቀቱን ዙሪያውን እያጠፈች በእጇ ነበር ቀስ ብላ የምትቀደው፤ ብጣሹንም ከሁሉ ለይታ ነጭ ጨርቅ ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ቡላ በውሃ በጠበጠችና እሳት ላይ እስኪያጣብቅ አማሰለችው። ሙጫዋ ይኸው ነው። ከአባቴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን አምጥታ ዘረጋች። የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ብርማ ወረቀት፣ የከረሜላ ልባስ፣ ከሰርግ ሻሿ ጫፍ የተቀደደ አረንጓዴ ቁራጭ፣ ሁሉም በየሳህኑ ተቀምጧል።

መለጠፉ ግን ቶሎ የሚሆን አልነበረም። አንድ ቃል ታነሳለች። መዳፏ ላይ ታስቀምጠዋለች። ዓይኗን ጨፍና ያንኑ ቃል ደጋግማ በሹክሹክታ ትለዋለች፤ "ደጅህ፣ ደጅህ፣ ደጅህ" እያለች፣ ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ እየተወዛወዘ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ እጠብቃለሁ።

"ምን እየጠበቅሽ ነው?" አልኳት አንዴ ትዕግሥቴ አልቆ።

"እስኪሞቅ። ቀዝቃዛ ቃል አልለጥፍም።"

ቃላቱ በመስመር አልነበሩም። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ተገልብጦ፣ ልክ ከጆንያ እንደተዘረገፉ፤ በመሀላቸው ብርማውና አረንጓዴው። እምብርቱ ላይ ዑመይሮቹን ሁሉ እንደ በርበሬ ፍሬ አጠጋግታ ለጠፈቻቸው። ሲያዩት ያምር ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

"አይነበብም እኮ!"

"ለማን?" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አነሳች።

በሐሙሱ ቤታችን ሞላ። መጽሐፍ ሊታተም ነው መባሉ ከእንሴኖ ድረስ ሰው አምጥቷል። ጋሽ ሀቢቡ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ከበሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "እስቲ ወረቀቱ ይምጣና ሸረፋ ያንብብልን፤ የዘነጋነው ካለ እናቃና" አለ። አጎቴ አንገቱን ደፋ። አባቴ ግራ ገብቶት ወደ መጋረጃው ተመለከተ።

ከመጋረጃው ኋላ አክስቴ ካርቶኑን አሸከመችኝ። "ለጋሽ ሀቢቡ ስጪ" አለችኝ።

ጋሽ ሀቢቡ ካርቶኑን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አዘቀዘቀው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። "ምንድን ነው ይሄ?"

"የአባባ ወረቀቶች ናቸው" አለች አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ። "የቆራረጥኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።"

ጋሽ ሀቢቡ የዋህ ሰው ነበር፤ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

"አሚኔ! ሼሁ ዓይናቸው ጠፍቶ የገጠሙትን አንቺ በዓይንሽ እያየሽ ቆራረጥሽው?"

ከወንዶቹ አንዱ "አስተግፊሩላህ" አለ። ከመጋረጃው ኋላም ሴቶቹ ከአክስቴ ፈቀቅ ፈቀቅ ሲሉ አየሁ። ያኔ አጎቴ ሸረፋ ተነሳ። ፊቱ ወዝቷል።

"ጋሽ ሀቢቡ፣ አንድ ነገር ልናገር። እነዚህ ግጥሞች..."

"ሸረፋ!" አለች አክስቴ።

ያችን ብቻ። ጮክም አላለች። አጎቴ እንደ ቆመ ቀረ፤ አፉ ተከፍቷል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱንም በእጆቹ ሸፈነ።

ፈሪ! አልኩ በልቤ። ራሱ አስቆርጧት፣ እሷ ስትሰደብ ዝም አለ። የስምንት ዓመት ልጅ ሰው የሚጠላውን ያህል ጠላሁት። እዚያ ክፍል ውስጥ የሁሉ ሰው ዓይን እያየው ቃሉን መጠበቅ ከመናገር ይልቅ የከበደው ሰው እሱ እንደነበረ እንዴት ልወቅ?

የሐሙሱ ስብስብ ያኔ አበቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶች መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም። አባቴ አክስቴን ማነጋገር ተወ፤ ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ገበያ ስትወጣ ሰላምታ የሚነፍጓት ነበሩ። እሷ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ውዱእ አድርጋ ሰሌኗ ላይ ትቀመጣለች፣ ቃል ታሞቃለች፣ ትለጥፋለች።

አንድ ቀን የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት የታሰረ ጥቅል ይዞ መጣ። አጎቴ ሸረፋ የላከው ነው። ስንፈታው ከማተሚያ ቤት የተረፈ ባለቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ነበር፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሐምራዊ። አክስቴ አንድ አንዱን እያነሳች በጉንጯ ዳሰሰችው። እኔ "ጉቦ ነው" ብዬ አኮረፍኩ። ጥቅሉ ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ መጣ፤ እኔም ማኩረፌን አላቋረጥኩም።

መጀመሪያ በሯን ያንኳኩት ጎረቤታችን እማማ ወለተ ሐና ናቸው። ልጃቸው ሲና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ታማባቸው ነበር።

"አሚኔ፣ ያን የምትሠሪውን ነገር ለእኔም ሥሪልኝ" አሉ።

"የእኔ ቃል ለእርስዎ እንግዳ ይሆናል፣ እማማ። የራስዎን ጸሎት ያምጡና አብረን እንሥራው።"

እማማ ወለተ ሐና የአምናውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያና ወንድ ልጃቸው የገለበጠላቸውን የማርያም ምስጋና ግጥም ይዘው መጡ። ሁለቱ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ "ምሕረት" ትላለች፣ አንዷ "ረሕመት" ትላለች፤ ቃሉ ሲሞቅ ይለጥፋሉ። ሲና ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። አክስቴ "ያዋለዳት አዋላጇና ፈጣሪ ነው፤ ካርቶን አያዋልድም" ብላ ብትቆጣም ወሬው ወጣ። ሴቶች አንድ አንድ እያሉ መምጣት ጀመሩ። ባሏ ዓረብ አገር የቀረባት፣ ልጇን የቀበረች፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት። ማንኛዋንም ሠርታ አትሰጥም፤ አስቀምጣ ራሷን ታሠራታለች። ሳንቲም የሚባል አትነካም። ከዓመታት በኋላ የጋሽ ሀቢቡ ሚስትም መጣች፤ ባሏ ታሞ ነበር። አክስቴ ተነስታ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። አባቴም ያን ሰሞን ራሱ የሳሙና ካርቶን ተሸክሞ ክፍሏ ድረስ አመጣና "ይሄ ይጠቅምሽ እንደሆነ" ብሎ በር ላይ ቆመ። "ግባ እንጂ፣ ከድሮ" አለችው። ገባ።

እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ ወልቂጤ ሥራ ይዤ፣ አጎቴን አሁንም በግማሽ ልብ ነበር ሰላም የምለው። በ2009 ዓ.ም. ለዘመድ ሰርግ መጥቶ እኔ ቤት አደረ። ጡረታ ወጥቷል፤ ጣቶቹ ነጽተው የሌላ ሰው ጣት መስለዋል። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

"አጎቴ፣ የአባባን ስም ለምን ነበር ልታስወጣ የፈለግከው?"

"ምን?"

"ሰምቼሃለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ። 'ስሙ ይውጣ' ስትላት።"

ከዚያ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

"ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዓመት የምታኮርፊኝ?" አለ። "ባሂራ፣ አባባ እንሰት ሲፍቁ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ወንድ መቼ እንሰት ይፍቃል?"

"እኮ! 'ጨምቀህ ቅበረኝ' ያለው ማን ይመስልሻል? መጭመቁን፣ መቅበሩን፣ ማውጣቱን በእጁ የሚያውቅ ማን ነበር እኛ ቤት?"

ያነሳሁትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ።

"እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትላለች፣ አባባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ነበር። አንድም የአባባ የለበትም፤ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ያለው ሁሉ የእሷ ነው። ይውጣ ያልኳት የእሷ ስም ነው። ፀሐይ ይይ፣ ሰው ይወቅሽ ነው ያልኳት።" ጣቶቹን አሻሸ። "ያን ሐሙስ ሁሉም ሲፈርዱባት ልናገር ተነሳሁ። በስሜ ስትጠራኝ እንደማልናገር የገባሁላት ቃል አስቀመጠኝ።"

በሳምንቱ በመሀል ያለውን ተራራ ተሻግሬ ቡታጅራ ሄድኩ። አክስቴ መነጽር አድርጋ፣ ያው ሰሌን ላይ ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገና ሳልናገር ፊቴን አይታ ሳቀች።

"ሸረፋ ነገረሽ? ይሄን ያህል ከቻለም ለእሱ ብዙ ነው።"

"ለምን አልተናገርሽም፣ አክስቴ?"

መዳፏ ላይ ያለውን ቃል ጨርቅ ላይ መለሰችው።

"ዓይናቸው ሲጠፋ ቃሉም አብሮ ጠፋባቸው። አንድ ሐሙስ ሰው ሞልቶ እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ውሃ ላቀብላቸው ገብቼ ነበር። ፊታቸውን ሳየው አላስቻለኝም፤ አንድ ቤት ጆሯቸው ላይ አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ተቀብለው ሲያዜሙት ሀቢቡ ከበሮውን ትቶ አለቀሰ። ከዚያማ በየሳምንቱ ሆነ።"

"ስማቸውንስ?"

"ያስገባሁት እኔ ነኝ። አልጠየቁኝም። መጀመሪያ ስማቸውን ግጥሙ ውስጥ የሰሙ ቀን እጄን ፈልገው ያዙ፤ እስኪያመኝ ድረስ።"

"ታዲያ መቁረጡ ምን አመጣው?"

"በእሳቸው ስም ቢታተም ውሸት ነው። በእኔ ስም ቢታተም 'ሼሁ የልጃቸውን ግጥም የራሳቸው አስመሰሉ' ሊባል ነው፤ መቃብራቸው ሳይደርቅ። ሁለቱም ከበደኝ። ማቃጠል ደግሞ አልሆንልሽ አለኝ። ስለዚህ ቆርጬ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ለሰጠኝ መለስኩለት። ስመልሰው ነው ያወቅኩት፤ ለካ እያንዳንዱን ቃል ከዚያ በፊት በደንብ ሳልለው ነው የኖርኩት።"

"ሰዉ ሲርቅሽ፣ ጋሽ ሀቢቡ እንደዚያ ሲልሽ፣ ምንም አላመመሽም?"

"አመመኝ እንጂ! ድንጋይ ነኝ እንዴ?" አለች። "በጣም ነው ያመመኝ።"

ውጭ ጋሪ በኮረኮንቹ ላይ እየተንቋቋ አለፈ።

"ያልተጻፈ የቀረ አለሽ?" አልኳት። "ለእሳቸው ያልሰጠሽው?"

መነጽሯን አወለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው፤ በሩ መዘጋቱን አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ማዜም ጀመረች።

በሕይወቴ ስታዜም ሰምቻት አላውቅም ነበር። ቃሉ ውብ ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ድምፁ ግን የተሰነጠቀ፣ ሽቅብ ሲሄድ የሚጠፋ፣ ቁልቁል ሲወርድ የሚሰናከል። መሀል ላይ ዜማው ጠፋባት፤ ሌላ ዜማ ያዘች፤ እሱም ጠፋባት። እንደምንም ጨርሳ ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ።

"አስቀያሚ ድምፅ ነው አይደል?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "አዎ" አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በመዳፏ ጉልበቴን መታ አደረገች።

"እንግዲህ አባባን ለምን እንደፈለግኳቸው አሁን ገባሽ" አለች።